ወደፊት የሚለው ቁልፍ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው፤
ባልዲ ደርድሮ መጠበቅ ነው፣ እንቅልፍ ለባለ ምድር ቤት ነው።
እኔ ስጠብቅ ካሴት እሰማለሁ፤
መቶ አርባ ሁለት ናቸው፣ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።
አሜሪካን ግቢ ቤቱ ሲፈርስ አልጋውን ትቼ እነሱን አዳንኩ፤
ሚስቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች፣ እኔ እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩ።

ስለ ሙዚቃ ሐሳብ አለኝ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እናገራለሁ፤
ለምሳሌ ከሱዳን ዘፈን ጋር ማልቀስ ለጤና ደግ ነው እላለሁ።
ቃሉ አይገባኝም፣ ተመስገን ነው። ቢገባኝማ ኖሮ
ምናልባት በሽንኩርት ዋጋ ይሆናል ሰውየው የሚያለቅሰው ተማርሮ።

ካንትሪ የሚሉትን፣ ጊታሩ እንደ ጋሪ የሚንገጫገጨውን፣
በቡራዩ ሚኒባስ ነው የወደድኩት፣ ሹፌሩ የሚያንጎራጉረውን።
ፈረስም ሚስትም የጠፋበት ሰው ከኛ በምን ይለያል?
ባቲ ቢቃኙለት እኮ ወሎ ውስጥ ዘመድ ያገኛል።

ሬጌ? አንድ ካሴት ይበቃል፤ ሌላው እዚያው ላይ መመላለስ።
ቤዙ ግን! ቤዙ ግድግዳ አልፎ ከትርሲት ብርጭቆ ሲደርስ!

ጃዝ የማስገባው እንግዳ ሲኖር ነው፤ ምን እዋሻለሁ፤
ብቻዬን ከሆንኩ ሳክስፎኑ እንደ ሰከረ ወንድም ይዞርብኛል፣
በሰላም ቤቱ እስኪገባ ድረስ በር ላይ እቆማለሁ።

በገናን ለጾም ብቻ የመደበው ማን ነው? እኔ ጥብስ በልቼም ሰማሁት፤
አልተቆጣም፤ እንደ አዛውንት አየኝ፤ አጎንብሼ አዳመጥኩት።

ያ ኪቦርድ የመጣ ዘመን ደግሞ ነፊዎቹን አባረረ፤
አራት ሰው በሳንባው ያወጣውን አንድ ጣት ጠቅ አድርጎ አስቀረ።
ትርሲት ትስቅብኛለች፤ ሠርጓ ላይ ያስጨፈራት ያ ጣት ነበረ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ካሴት አለ፣ የአትጠገብ፣ ቢጫ ልባሱ የሳሳ፤
ዐሥር ዘፈን። ዘጠኙ እንከን የለውም፤ በዚህ ላይ ክርክር አይነሣ።
አንዷን ግን፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሦስተኛዋን፣ አልወዳትም፤
ድምጿ ይሰነጠቃል። ክራሩ ይቀድማታል። ለምን እንዳስገቧት አይገባኝም።

«ያልተሟሸ ድስት ናት» አልኩት ለሽመክት፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት፤
«ያልተሟሸውስ ጆሮህ» አለኝ። ተኮራርፈን ቆየን ሁለት ክረምት።
ልጆች ወለድን፣ ፀጉር ጣልን፣ መንግሥት ተቀየረ፣
እሱ ግን በተገናኘን ቁጥር፣ ከሰላምታ በፊት፣ «ሦስተኛዋንስ?» ይል ነበረ።
እኔም ጣቴን ወደፊት በሚለው ቁልፍ ላይ ጭኜ፣
ጭርርርር፣ አሳልፋታለሁ፣ ዕድሜ ልኬን፣ ማንም ሳይሾመኝ ዳኛ ሆኜ።

ሽመክት በሰኔ ሞተ። ቀብሩ ለገጣፎ፣ ዝናብ፣ ጭቃ።
ስለ ደግነቱ ተነበበ። አንድ ቃል አልተባለ ስለ ጆሮው፣ ስለ ሙዚቃ።

ትናንት ሌሊት ውሃው ዘገየ። ቢጫዋን ከተትኩ፣
አንደኛዋ አለቀች፣ ሁለተኛዋ አለቀች፣ እንደ ልማዴ ጣቴን ላክሁ።
ቁልፉ ቀጭ አለና እጄ ላይ ቀረ፣
እንደ ልጅ የወተት ጥርስ። ቴፑ ምን ገዶት፣ ዞረ።

ሰማኋት።
ድምጿ ያው ይሰነጠቃል፤ ልክ ነበርኩ፣ አልዋሽም።
ክራሩም ይቀድማታል። ይቀድማታል ግን አይሸሻትም፤
መብራት በጠፋ ደረጃ ላይ፣ ከኋላው ባልዲ ለያዘ፣
ሁለት እርምጃ ወጥቶ ዘወር እንደሚል ሰው፣
«እዚህ ጋ ተሰብሯል፣ እግርሽን» እያለ፣ እያገዘ።

ወደድኳት ወይ? ቀስ በል። ከዘጠኙ ጋር አላሰልፋትም ዛሬም፤
ግን ሽመክት፣ ሠላሳ ዓመት የፈረድኩባትን
እስከ መጨረሻዋ አድምጫት አላውቅም።

ቧንቧው ሳለ። መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ቀጥሎ ውሃ።
ባልዲው ሞላ፣ ፈሰሰ፣ ወደ ደረጃው ወረደ፤
ዘበኛው ኦብሳ ከታች «አራተኛ! ኧረ ውሃ!»
ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ነው፣ ካልሲዬ ረጥቧል፣ ጥቂት ዝም አልኩና
«ቆየኝ» አልኩት፣ «አንድ ደቂቃ፤
ሦስተኛዋ አላለቀችም ገና።»