በራችንን ያንኳኳን ዕለት

ባጃጁን ሸጥን። ፍሪጁን ለእትዬ ዘርፌ፣ አደራ።
ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጣን፤ ዘመድ ሁሉ እያወራ፦
«ሰው ለሥራ ይሰደዳል፤ ሰው ይሄዳል ለህክምና፤
እነ ላላሞ ግን ልጅ አንጠልጥለው፣ ለማየት ብቻ? አይ ጤና!»
እኔም የቤቱን ቁልፍ በአሮጌ ካልሲ ቋጥሬ
ከሻንጣው ግርጌ ሸጎጥኩት፣ እንደ ድብቅ ብሬ።

ያልነው ሦስት ወር ነበር፤ ከሞያሌ ወዲያ
ዓመት ከመንፈቅ ዋጠን፣ መናኸሪያ በመናኸሪያ።

አሁን በሐይቁ ዳር፣ ለውዝ እየፈለፈሉ፣
«እሺ፣ ምን ተማራችሁ?» ይሉኛል፣ ተረት እንደሚጠብቁ ሁሉ።
ዝሆን አይቻለሁ፤ እሱን ልበል? ዝሆን ፎቶ ላይም አለ።
ያየሁት ሌላ ነው፤ ስናገረው የሚያንስ፣ ከአፌ ሳይወጣ የዋለለ።

አራት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ አጎበር፤
ናይሮቢ፣ ከጋራዥ በላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ብረት ሲቀጠቀጥ ነበር።
በትዳር አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬ፣ ያኔ ነው ያወቅኩት፦
ላላሞ በእንቅልፉ ብር ይቆጥራል፣
በሲዳምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ አንዱን ሁለቴ ይደግማል።
ሐዋሳ ሳለን እንቅልፌ ከባድ ነበር፤ ጭንቀቱን አልሰማሁት።

ሞምባሳ ስንደርስ ምንተስኖት፣ የስድስት ዓመቱ፣
ውቅያኖሱን አየና እጄን ጨመቀው፤ ጠፋ ድፍረቱ።
«እማ፣ የዚህ ሐይቅ ማዶው የታለ?»
«ማዶ የለውም» አልኩት። ልጄ ለንቦጩን ጣለ።
(አለው፣ ግን ከዚህ አይታይም፣ ማለት ነበረብኝ፤
ይሄ መልስ ታንዛኒያ ገብተን፣ አውቶቡስ ላይ መጣልኝ።)

ዶዶማ። ኤልዳና በወባ ነደደች።
ቋንቋ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፤ አንዲት ጎረቤት፣ ማማ ኔማ፣ መጣች።
ሦስት ሌሊት የግንባሯን ጨርቅ ስትቀይር፣ ስትነክር፤
ብር ስዘረጋ ጣቶቼን አጠፈቻቸው፣ እንደ ወረቀት፣ ያለ ንግግር።
መስጠት እኮ እችልበት ነበር፤ ቤቴ እንግዳ አያጣም፤
መቀበል ግን፣ እጅ ባዶ ሆኖ፣ አንገት ደፍቶ፣
እሱን ማንም አላስተማረኝም።
ያን ሌሊት የሐዋሳ መናኸሪያ ትዝ አለኝ፣
ጆንያ ታቅፋ፣ ልጅ አዝላ፣ አንዲት ሴት «ሆስፒታል» ስትለኝ፤
ሌላው ቃሏ የማላውቀው ቋንቋ።
ቸኩዬ ነበር። በጣቴ ጠቁሜ አለፍኩ።
በየት በኩል እንደጠቆምኩ እንኳ...

ተጣልተናል ደግሞ። ይሄን ለሰው አንናገርም፦
ሉሳካ ላይ፣ በአንድ የጠፋ ጃንጥላ፣ ሁለት ቀን አልተነጋገርንም።
አስታራቂ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ኩርፊያ የሚወስዱበት የእናት ቤት የለ፤
የአውቶቡስ ወንበር ጥንድ ነው፤ እንቅልፍ ጣለው፤
ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ዋለ።

ተመለስን። ነሐሴ። ታቦር በጉም ተሸፍኖ፤
አባ ኮዳው አሞራ ገደል ቆሟል፣ የዓሣ አንጀት ሊበይን፣ ዳኛ ሆኖ።
ካልሲውን ፈታሁ፤ ቁልፉን ከተትኩ፤ አልዞር አለ።
ለካ ሌባ ሞክሮት ሰርገላው ተቀይሯል፤ ውስጥ የመጥረጊያ ድምፅ አለ።
ስድስት ጊዜ ድንበር ያሻገርኩት ብረት!
ሳቅኩ ወይስ አለቀስኩ፣ ላላሞን ጠይቁት።
ምንተስኖትን ግን አልገረመውም። በር ነው፤ በር ደግሞ ይጠየቃል።
«ሆዲ!» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ በገዛ ቤቱ ደጃፍ፣ እዚያ እንደለመደው ቃል።
ከውስጥ እትዬ ዘርፌ፣ ቃሉ ግራ ገብቷት፣ መጥረጊያዋን ጣለችና
«ማን ልበል?» አለች።
ዝም አልን። የሚያስቸግር ጥያቄ ነበርና።

ማታ ሐይቁ ዳር ወረድን። ምንተስኖት ማዶውን በጣቱ ለካ፤
«ትንሽ ነው» አለ፣ ቅር ሳይለው፤ ጫማውን አውልቆ ውሃውን በእግሩ ነካ።

ቁልፉን አልጣልኩትም፤ እስከ ዛሬ ካልሲው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።
መናኸሪያ ስሄድ ግን አሁን ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እወጣለሁ፤
ምናልባት አንድ ሰው መንገድ ይጠይቀኝ ይሆናል።