ለጎረቤቴ ነው

ኮዬ ፈጬ ጤና ጣቢያ፣ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣
ወረፋው ሳሳ ባለበት፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታፈላ፣
አንዲት ሴት በሩን ከፈተች፣ ገባ ብላ ወጣ አለች፣
መልሳ ገባች ደግሞ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ለኔ አይደለም፣ ሲስተር» አለች፣ ነጠላዋን እየጎተተች፣
«ለጎረቤቴ ነው፤ ብሎክ አርባ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች።»

እኔ ሲስተር ትርፌ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያዋለድኩ፣
ስንቷን ጎረቤት አውቃለሁ፣ በዚህ ወንበር ያስተናገድኩ!
ካርድ የሌላት ጎረቤት፣ ስም የሌላት፣ ዕድሜ የሌላት፣
ሆዷን እኔ ዘንድ ልካ፣ ራሷ ቤት የቀረች እናት።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «እሺ፣ ምን ትላለች?» አልኳት።

«ያ የደም ማነስ ኪኒን፣ ስትውጠው ያቅለሸልሻታል፤
ሰገራዋም ከሰል መስሎ፣ ትናንት አስደንግጧታል።»

«ብረቱ ነው በያት፣ አይዞሽ፤ መጥቆሩ አይጎዳትም።
ማታ ልትተኛ ስትል ትዋጠው፣ ያኔ ብዙ አይረብሽም፤
በሎሚ ውሃ ይሁን፤ በሻይ፣ በቡና አይሆንም፣
ሻይ ምቀኛ ነው፣ ብረቱን ለደሟ አያደርስም።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠች፣ እንደ ኪኒኑ፣ ሳታላምጥ።

«ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሌሊት፣ ለዚያውም ታች፤
ሁለት ጄሪካን ይዛ ያን ሁሉ ደረጃ ትወጣለች።»
«ባሏስ?»
«ሹፌር ነው፣ ጅቡቲ መንገድ፤ ሲመጣ ነው የሚመጣው።»
«እንግዲያው ያ ጎረምሳ፣ ኮሪደር ላይ ኳስ የሚያነጥረው፣
ይሸከምላት። ነፍሰ ጡር ለምናው እምቢ ቢል ነውር ነው።»

ድምጿ ወረደ። መስኮቱን አየች፣ በሩን አየች፣ ጣቷን አየች።
«ደግሞ… ታች… ያሳክካታል። ነጭ ነገር፣ እንደ አይብ» አለች።
«በሳሙና ውስጥ ድረስ ትታጠባለች፣ በቀን ሦስቴ፤
በጨውም ሞክራለች፣ አልተዋትም፣ ጎረቤቴ።»

«ውስጡን አትንካው! ያ ቤት ራሱን በራሱ ይጠርጋል፤
ሳሙና ዘበኛውን አባርሮ ሌባ ያስገባል።
ከውጭ፣ በንጹህ ውሃ፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ይበቃል።
ኃጢአት አይደለም፤ እርግማን አይደለም፤ የባሏም ጥፋት ላይሆን ይችላል፤
በእርግዝና ጊዜ የሚበረታ ነገር ነው፣ ይታከማል።
ግን በግምት ከመድኃኒት ቤት እንዳትገዛ። ትምጣና ልያት።»

«እነግራታለሁ» አለች። ተነሣች። ቦርሳዋን አነገተች።
እጇ የበሩ እጀታ ላይ ደረሰ።

«ራሷንም ይፈልጣታል» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር፣
«ከእሑድ ጀምሮ። ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል፣
እንደ ብየዳ ፍንጣሪ።»

ሁሌም በሩ ጋ ነው። ግማሽ ሰዓት ሎሚና ሳሙና አውርተን፣
ዋናው ነገር እጀታው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

«ቁጭ በይ» አልኳት። «ጎረቤትሽ ትቆይ። አንቺ ክንድሽን ስጪኝ።»
ያን ጊዜ አየሁት፦ ቀለበቷ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ፣
ያበጠው ጣቷ ከከለከለው ወዲህ።

ጨርቁ ክንዷን ጨመቀ፣ ተነፈሰ፣ መርፌው ቆመ፤
መቶ ስድሳ በመቶ አምስት።
«ስንት ወሯ ነው?» አልኩ፣ ድምፄን እንደ ምንም አድርጌ።
«ሰባት ወሬ…» አለችኝ።

አንዲት ፊደል ተንሸራተተች፤ ጎረቤቲቱ ገባች።

በግራ ጎኗ አስተኛኋት። መርፌዋን ወጋኋት።
አምቡላንሱ ቱሉ ዲምቱ ነበር፣ ጭቃው ይዞት፤
የሪፈር ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ጻፍኩት።
«ስም?»
ጣሪያውን ስታይ ቆየች።
«እታፈራሁ» አለች፣ የሰው ዕቃ እንደምትመልስ።

ከዚያ ወዲህ በሬ ላይ በትልቁ ጽፌ ለጥፌያለሁ፦
ራስ ምታት ሲጸና፣ ዓይን ሲደበዝዝ፣ ፊትና እጅ ሲያብጥ፣
ደም ሲታይ፣ ውሃ ሲፈስ፣ ልጁ እንደ ወትሮው ሳይራገጥ ሲቀር፣
ሰላምታውን ተዪው፤ መጀመሪያ ይህን ንገሪኝ።
የማንም ይሁን። የጎረቤትም ይሁን።

በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ፣ የማላውቀው ቁጥር።
«ሲስተር፣ ጎረቤቴ ወለደች» አለኝ አንድ ድምፅ፣ ሳቅ ያነቀው፤
«ሴት፤ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ። ደረቷ ላይ አስረውላታል፣
ቆዳ ለቆዳ።»
ከድምጿ ኋላ
አንዲት በጣም ትንሽ ጎረቤት ታለቅስ ነበር።