የሐሙስ ቀለም

መንገዱ አጭር ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር፣
ከድንጋዩ ድልድይ እስከ ፋብሪካው አጥር።
እኔ የማዘጋጃ ቤቱ ቀለም ቀቢ ነኝ፤
ዝናብ ያጠባቸውን የታሪክ ሰሌዳዎች
“አድስና ና” ብለው የላኩኝ።
ሦስት ሰሌዳ፣ ሁለት ብሩሽ፣ አንድ ቆርቆሮ ጥቁር፣
ለያንዳንዱ ሰሌዳ አርባ ቃል፣ በቁጥር።

ኢኒድ ሳትክሊፍ ከድልድዩ ራስ ቆማ ጠበቀችኝ፤
ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ እግሯ ላይ የወንድ ቦት ጫማ።
“ብቻህን አትሄድም” አለችኝ፣
“ድንጋዩ ያዳልጣል። ታሪኩም፣ ላልሰማ።”

ኦስቤክ ቀጭን ወንዝ ነው፤ ልጅ ተንደርድሮ የሚዘለው፣
አገሩን ሁሉ አልብሶ ዛሬ ሣር ብቻ የቀረው።

ሰሌዳ አንድ፣ ከአኻያው ሥር፦
“የክራብትሪ የሱፍ ፋብሪካ።
ሦስት መቶ ሠራተኛ፣ አንድ የውሃ መዘውር።”
“ሦስት መቶስ ይሁን” አለች፣ “አንዷ ግን ሙት ነበረች።”
እናቷን ፊቢን ማለቷ ነው፤
በአሥር ዓመቷ ከማሽን ሥር የገባች።
ሕጉ ዕድሜ ሲጠይቅ፣ ቤቱ ዳቦ ሲጠይቅ፣
በሟች እህቷ ስም አስመዘገቧት፤
ስሙ ይሥራ፣ ልጅቱ ትደበቅ።
ዓርብ ማታ ጸሐፊው ለደሞዝ “ሄስተር!” ሲል፣
ሄስተር ከአፈር በታች ዝም፤
ፊቢ “አቤት” ብላ፣ እጇን ዘርግታ ስትቀበል።

አለፍን። ሳማው ቁርጭምጭሚት ይልሳል፣
የግድቡ ግንብ ሽበት አብቅሏል።
ውሻውን የሚጎትት ሰው ባርኔጣውን ነካ አድርጎ
“ዓሣው ተመልሷል” ይለናል፣
“ውሃው ጠርቶ ጠጠሩ ይቆጠራል።”

ሰሌዳ ሁለት፦ “በዚህ ስፍራ ሱፉ ይነከር ነበር፣ በቀለም።”
ብሩሼን ሳነሳ፣ “ቆይ” አለች፣ “ያ ብቻ አይደለም።
ጠዋት ከመስኮት ወንዙን አይተን ቀኑን እንለይ ነበር፤
ሰኞ ሰማያዊ። ማክሰኞ ቢጫ፣ እንደ ሰናፍጭ።
ረቡዕ ጥቁር፣ ለወታደርና ለሐዘን ልብስ፤
ሐሙስ ቀይ፣
ሐሙስ ቀይ፣ ከጌቶች ቤት መጋረጃ እስኪደርስ።
የትልቁ ከተማ ሴቶች ለመጪው ክረምት የሚለብሱትን
እኛ ቀድመን እናውቃለን፤
ዳክዬዎቹ ሳይቀሩ ያንኑ ለብሰው ሲመለሱ።

“እናቴ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ቀለም ጠገበች፤
ሌላው በፊደል ሲቆጥር
እሷ በጥፍሯ ሥር፣ በሳንባዋ ቆጠረች።
አንድ ቀን ስትስል መሐረቧ ቀላ። ሐኪሙ “ደም ነው” አላት።
“ምነው፣ ዛሬ ሐሙስ አይደል?” ብላ ሳቀች፤
ማክሰኞ መሆኑን ማን ይንገራት።”

ከዚያ ዝም አለች። እኔም ዝም ማለት ሲገባኝ
“ይናፍቅሻል?” አልኩ፤ ጅል አፍ።
መነጽሯን በካፖርቷ ጫፍ ጠረገች፣
ረጅም ጊዜ ወሰደባት።
“ዓሣው ሲመለስ ሰው ሄደ” አለች።
“ዓሣውን አልጠላም።
ቢሆንም፣ ዓሣ ኪራይ አይከፍልም።”

ሰሌዳ ሦስት ከአጥሩ ጋር ተደግፏል፣
እንጨቱን ምስጥ ሳይሆን ጊዜ በልቶታል፤
ከቢሮ የሰጡኝም ወረቀት
“የማይነበብ” ብሎ ያልፈዋል።
“ስንት ቃል ነው ያልከኝ?” “አርባ።”
በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች፣
ከአውራ ጣቷ ሳታልፍ ቆመች።
“አንድ ይበቃኛል፤ ሠላሳ ዘጠኙን ለወንዙ ተወው።”
ጥቁሩን ከፍቼ “ፊቢ” ብዬ ጻፍኩ፤
አለቃዬ ነገ የሚለኝን እያወቅኩ።

ስንመለስ ፀሐይ ከኮረብታው ወገብ ወርዳ
ውሃው ከዳር እስከ ዳር ቀላ።
“ኢኒድ፣ እይው!” አልኩ፣ “ሐሙስ!” ልጅ ሆኜ።
እንኳን ልትቆም፣ ዞርም አላለች፤
ዱላዋ ድንጋዩን እየፈተሸ
“ፀሐይ ናት” አለች።
“የኛው ይሸት ነበር።”