ግማሽ ቀን

ሰርዲኒያ ደሴት፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት፣
ኮረብታው ጎን ላይ ነው የማዕድኑ ቤት።
"ቤት" ልበለው እንጂ፣ ጣሪያም የለው፣ በር፤
ሦስት ግንብ ቆሟል፣ አራተኛው አፈር።

ከማዘጋጃ ቤት የተላከች ልጅ፣
ሲሞና የምትባል፣ ደብተር ይዛ በእጅ፣
የቀረውን ልትቆጥር መጣች በማለዳ፤
የተረፈው ንብረት ነው፣ የጠፋው ግን ዕዳ።
እኔ የሜትሩን ጫፍ እይዝላታለሁ፤
ሥራዬ ይኸው ነው፣ "ሳቢው" ስባል ሰባለሁ።

ጻፈች፦ አንድ ዊንች፣ ዝገት የበላው፤
ገመዱ የለም። ማን እንደሸጠው
ሰፈሩ ያውቃል፣ አይናገርም።
ሐዲድ፦ ዘጠኝ ሜትር። ሌላውም የትም
አልሄደም፤ ታች መንደር ወይን ደግፎ ቆሟል፣
በየመስከረሙ ዘለላ ይሸከማል።
የዋሻው አፍ፦ የብረት በር፣ ቁልፉ ተሰብሮ፤
የሌሊት ወፍ ብቻ ያለው በውስጡ ኑሮ።
የማዕድን መውረጃ፦ ከስንጥቁ መሐል
በለስ በቅሎበታል፣ ፍሬም ይሰጣል፣
ፍየል ግን አይነካው። ፍየል ምን አውቋል?

እኩለ ቀን ሲሆን አንዲት አሮጊት
ዱላዋን ተደግፋ ደረሰች ከፊት።
"ምን እየጻፍሽ ነው?" ሲሞናም "የቀረውን" አለች።
"ታዲያ እኔን ዘለልሽኝ!" ብላ አሮጊቷ ሳቀች።

ቦናሪያ ነው ስሟ። ወሰደችን ይዛ
ወደ መልቀሚያው፣ ወደ ድንጋዩ ጠረጴዛ፣
ሴቶች እንደ ምስር ጎንበስ ብለው ውለው
እርሳሱን ከጠጠር ይለቅሙ ከነበረው።
ጠርዙ ተቦርቡሯል፤ ውኃ አይደለም የበላው፣
የልጃገረድ ክርን ነው፣ ስንት ዓመት ያሸው።

"ይኼ የኔ ቦታ። ይኼ የአንቲዮካ።
እህቴ። ዐሥራ አራት ዓመቷ። ሲለካ
የሷ ቅርጫት ነበር ቀድሞ የሚሞላው።
ስድስት ሰዓት ሊሆን፣ ከላይ ያለው
ማጠራቀሚያ ተንዶ…
እኔ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ።
አልጮኸችም። ወይ ጮኻ ይሆናል፣ እኔ አልሰማሁ ፈርቼ።"

ሲሞና ዝም ብላ ከቦርሳዋ አወጣች
ጠዋት ከቢሮው ፍርስራሽ ያገኘችውን፣
አይጥ የቆረጠመውን የደመወዝ መዝገብ፤
ጣቷን እያስኬደች ጀመረች ማንበብ።
አንቲዮካ፦ ሰኞ፣ ሙሉ ቀን። ማክሰኞ፣ ሙሉ።
ረቡዕ፣ ግማሽ ቀን።
ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው ዓምዱ በሙሉ።

ሒሳብ ሹሙ አልዋሸም። እስከ ስድስት ሰዓት ሠራች፤
ከሰዓት በኋላውን ሌላ ቤት ተቀጠረች።
እርሳስ ስትለቅም ኖራ በእርሳስ ተመዘገበች፣
ላጲስ ቢያልፍባት ኖሮ እሷም አልነበረች።

ቦናሪያ መነጽር የላትም። ቃሉን በጣቷ ዳበሰች፣
ከኋላው ገልብጣ የእጁን ጫና ፈለገች፣
"ጠንክሮ ጽፏል" አለች። ሌላ አልተናገረች።

በኔ ቋንቋ የዚህ ድንጋይ ስሙ ትእዛዝ ይመስላል፤
ንፋስ ከዋሻው አፍ ሲወጣ "እርሳስ! እርሳስ!" ይላል።
መልስ አልሰጠሁትም። የሜትሩን ጫፍ ይዤ ቆምኩኝ።
ሲሞና ከዝርዝሯ ግርጌ ስትጽፍ አየሁኝ፦
ጠረጴዛ፣ የድንጋይ፣ አንድ። የክርን ጎድጓዳ፣ ሁለት።
አንደኛው ሙሉ።
ሁለተኛው ግማሽ ቀን