ስኳር አለብህ

ሐኪሟ ወረቀቱን ገለጥ፣ መለስ አድርጋ፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
«ስኳር አለብህ» አለችው፤ ባሌ ሳቀ።
ሠላሳ ዓመት በጭነት መኪና ተራራውን ያደቀቀ፣
በረዶ መንገድ ሲዘጋው መሪ ተደግፎ ያደረ ሰው፣
በአንዲት ነጭ እንክብል ስም ማን ደፍሮ ሊያሳንሰው?
«አለብህ?» አለ ኖዳር፣ ኮቱን እየቆለፈ፣
«እኔ ነኝ እንጂ ያልተከፈለኝ፤ ዘመኑ ግን አለፈ።»

እኔ በዚያው ምሽት የስኳሩን ጣሳ
አንሥቼ ሰጠሁት ለጎረቤቴ ለጉሊሳ።
ቤቱ ግን ተንኮለኛ ነው፤ ከሱ ጋራ አበረ፦
አንድ በጫማው ውስጥ፣ ሁለት በካልሲ ተቋጥሮ ነበረ፣
ሦስት በአኮርዲዮኑ ሣጥን፣ ከማንገቻው ሥር ተኝተው፣
ስከፍተው እንደ ጥርስ ሳቁብኝ፣ ነጫጭ ሆነው ተደርድረው።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚቆረጠም ነገር እሰማለሁ፤
«አይጥ ነው» ይለኛል፤
«አይጥ ነው» እላለሁ።

ብጮህበት ምን ሊረባኝ? ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤
ምላስ በቁጣ አይገራም፤ የሚያባብለው ሌላ ጣዕም ነው።
ወይኑ ሲደርስ፣ የአላዛኒ ሸለቆ ሲሸት ጭማቂ፣
«ና» አልኩት፣ «መርፌ ያዝ፣ ክር ያዝ፤ አትሁን ጠያቂ።»
ገውዙን ሰብሬ ሰጠሁት፤ እነዚያ ክር የማያውቁ
ወፍራም የሾፌር ጣቶች፣ እየደሙ፣ እየሳቁ፣
ፍሬውን አንድ በአንድ ይሰኩት ጀመር።
እኔ በመዳብ ድስት የወይን ጭማቂ አሞቃለሁ፣
ስኳር የለ፣ ማር የለ፤ ዱቄት ብቻ እበትናለሁ፣
ሳላቋርጥ አማስላለሁ፤ ከተዉት ይጓጉላል፣ ያርራል፤
ድስት እንደ ባል ነው፤ ዞር ካሉበት ሌላ ያምረዋል።
ሲወፍር፣ ሲያብረቀርቅ፣ ከማንኪያው አልወርድ ሲል፣
ኖዳር ክሩን ከነፍሬው ነከረው፤ አወጣው፤ ደግሞ ነከረው፤
ሰቀለው ከበረንዳው ወራጅ፣ ነፋስ ባለበት በኩል።

ከዚያ ቆመ። አንጋጠጠ።

«ጺያላ» አለኝ፣ «እንዲህ ያለ ክር ነበረ እኛ ቤት፣
በችጋሩ ዘመን፣ ገበያው ባዶ የሆነ ለት።
እናቴ አንዲት የስኳር ድንጋይ በክር አስራ ከጣራው፣
ከማዕዱ በላይ ሰቀለች፣ አምስት ልጅ እንዲልሳት በየተራው።
ሻይ ፉት፣ አንዴ ላስ፤ ሻይ ፉት፣ ለቀጣዩ ልቀቅ፤
ታላቄ ቤሲክ ጥርሱን ሲያሳርፍ በጭልፋ ሲመታ፣ ሲስቅ…
እኔ የመጨረሻው ነኝ። ተራዬ ሲደርስ ስኳሯ የለችም፤
ክሩ ብቻ፣ እርጥብ፣ የአራት ልጅ ምራቅ ያለበት፤ ግን አልተውኩትም፤
ክሩን ጠባሁት።»

ሐኪሟ ደሙን ቀድታ ያላገኘችው ይኸው በምላሱ፤
ባለ ዕዳው ኖዳር አይደለም፤ ስኳር ነው ያለበት ለሱ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ክሩ ጠነከረ፣ ቆዳው ወዛ፣
አመዳይ የመሰለ ነገር ከላዩ አወጣ፣ በነጻ፣ ሳይገዛ።
ፕሪሙንም ቀቅዬ፣ እንደ ብራና ስስ አድርጌ ሳንቃ ላይ ዘረጋሁ፤
የልጅ ልጃችን ሊሌ ስትቀደው፣ ፊቷ ሲጨማደድ አየሁ።
ልዋሽ አልችልም፦ ይኸም ጣፋጭ ነው፤ የወይን ስኳር ስኳር ነው፤
ለዚህ ነው በስሱ የምቆርጥለት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህለው።
መጀመሪያ «ይሄ ምኑ ይጣፍጣል?» አለ፤ እንደ እንጨት አላመጠ፤
በሦስተኛው ሳምንት ዝም አለ፤
በአምስተኛው ሻዩን ባዶውን፣ ያላየሁት ይመስል፣ ጨለጠ።

ፍሬው ሲያልቅ ክሩ ይቀራል። ልጥለው እጄን ስዘረጋ
ቀድሞኝ ያነሣዋል፤ አጣጥፎ ያስቀምጠዋል ከትምባሆው ጋራ።
እሑድ ሌሊት ግን አንዳንዴ፣ ያው ድምፅ፣ ያው መቆርጠም።
«አይጥ ነው» ይለኛል።
«አይጥ ነው» እላለሁ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፤
አንዲት ናት። ቆጥሬያለሁ።
ዱሮ ስድስት እሰማ ነበር።