ሠላሳ እስክቆጥር

ከሰንዳፋ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ባቄላ ማሳ መሀል የቆመች ደቃቃ
ቤት አለች፤ ሚስማሯ ነሐስ፣ መቀርቀሪያዋ እንጨት፤
ዘበኛዋ እኔ ነኝ፣ ባለ ወይራ ዱላ፣ ጠመንጃ የለበት።
ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ቀበቶ ደጅ ላይ ይራገፋል፤
ብረት ያስጠጋ ሰው ንባቡን ያጠፋል።
ጡረታ ስወጣ የሸለሙኝ ሰዓት
እሱም ብረት ሆኖ ውጭ ነው የሚያድርበት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዶክተር ሲፈን ጠርታ
መስመሩን አሳየችኝ፣ መብራቱን አጥፍታ፤
እንደ ጤፍ ዛላ ነው፣ ቀስ ብሎ ሲነቃነቅ።
“ይኼ የመጣው” አለች፣ “ከበላይ ነው፣ ከሩቅ።

ፀሐይ ነፋስ አላት፣ ድምፁ የማይሰማ፣
ሌት ተቀን የሚጋልብ በባዶው ጨለማ።
ምድር ጋሻ ዘርግታ ትጠብቀዋለች፤
ከጋሻው ፊት ሲደርስ
ድንገት ያዘግማል፣
ይግላል፣
ይታመሳል።
ጥቂት ቅንጣት ግን ከዚያ ደጅ ትነጥራለች፤
ሽቅብ ስትጋፋ ሞገድ ትቀሰቅሳለች።
ሞገዱም ይጓዛል፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ፤
ይጓዛል፣ አይደክምም፣ ግን ነፋሱ ኃይለኛ
ስለሆነ ወስዶ ይጥለዋል ወደኛ።
ሳተላይት ስታየው ትሳሳታለች፤
በቀኝ የዞረውን በግራ ታነባለች።
ገባዎት ጋሽ ሽብሩ?”

እንዴት አይገባኝ!
ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት የቆረጥኩ ነኝ።
ከፊተኛው በር ተነስቼ፣ በሰው መሀል ስገፋ፣
ፊቴ ወደ ሰንዳፋ፣ እግሬም ወደ ሰንዳፋ፣
“ትኬት! ያልቆረጠ!” ስል፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣
አውቶቡሱ ተሸክሞኝ መገናኛ ከች።
ስንት ሺህ ጊዜ
ወደ ቤቴ ስሄድ ከተማ ደረስኩ!

ሲፈን ሳቀች። ከዚያም ዝም አለች።
“ከዚህ የተሻለ እኔም አላስተማርኩ” አለች።

ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን፣ ደፉ ላይ ተቀምጬ፣
ሰዓት ስለሌለኝ በአፌ እቆጥራለሁ።
ሠላሳ ሳልሞላ፣ ወይም ትንሽ አልፎ፣
መስመሩ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤
ከዚያ ሁሉ ግፊያ የተረፈ ንዝረት
ጋሻውን ሾልኮ ባቄላው ማሳ ወርዶ፣
እንደ ፀጉር ቀጭን።

ትናንት አምስት ሰዓት ላይ፣
ባጃጅ በአጥሩ ሥር ዞረ፤
መስመሩ ዘለለ፣ ከወረቀቱ ወጣ።
ሲፈን እርሳሷን ልሳ “ባጃጅ” ብላ ጻፈች፤
ሹፌሩን አልሰደበችም።

አቧራው ገና አየር ላይ ነው።
ሃያ ሰባት። ሃያ ስምንት።
መጣ።