አንድ ለመቶ

አቶቴ፣ ከወፍጮው ጎን፣ አልጋ እሠራለሁ፣
ቁምሳጥን፣ የበር መቃን፤ ሥራ ሲጠፋ በርጩማ እጠርባለሁ።
ጋሽ ዱካሌ አንድ ቀን መጣ፣ ቁራጭ አነሣ ከመሬት፤
አሸተተው እንደ ዳቦ፣ አገላብጦ አየበት።
«ዋንዛ ነው?»
ነው አልኩት።
«ይሸጣል?»
ለማገዶ ነው፣ ውሰደው፤ ቁራጭ ማን ይሸጥልሃል!

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ በከሰዓት፣
ይመጣል፤ ሰጋቱራውን ይጭራል፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅምበት።
ምን ትሠራለህ ስለው
«መርከብ» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረ።
እዚህ? ሐዋሳ? ብዬ ሳቅኩ፤
እሱ ጣውላውን በጥፍሩ ጫረ።

ምጽዋ ነበር በወጣትነቱ፣ የመርከብ ሞተረኛ፣
ከታች፣ ከሙቀቱ ክፍል፣ ባሕር የማያይ ባሕረኛ።
መርከቧ ዛሬ የት እንዳለች፣ ተሸጣ ይሁን ተቀጥቅጣ፣
አያውቅም፤ ወሬዋ የለም፤ አገሩም ከባሕር ወጣ።
የቀረው አንድ ፎቶ ነው፣ አራት ቦታ የታጠፈ፤
አንዱ እጥፋት በኋላዋ ላይ መስመር ሆኖ ያለፈ።
ከመስመሩ ሥር የነበረው ተልጦ ነጭ ሆኗል፤
መሰላል ይሁን መስኮት፣ እሱም ራሱ ረስቷል።

ልኩ አንድ ለመቶ ነው። ሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው።
ሒሳቡን ሲነግረኝ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚለው።
አጥንቷን ከጥድ ጠረበ፤ ጎድኗን ከዋንዛ ላገ፣
በድስት እንፋሎት አጎብጦ፣ እንደ ዓሣ ጎድን አደረገ።
መሮው ራሱ የቀጠቀጠው፣ የአሥራ ሁለት ቁጥር ሚስማር፤
ገመዷ የመረብ ክር ነው፣ የተለቀመ ከአሞራ ገደል ዳር፤
ምሰሶዋ የጃንጥላ ሽቦ፣ መልህቋ የቆርኪ ቆርቆሮ፤
«መድፏስ?» ስለው የብዕር ቀፎ አወጣ፣ ኪሱን በርብሮ።

ሰው ብቻ አልሠራባትም።
የሰው ቁመት በዚህ ልክ
ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም።

«ዑቅባይን» አለ አንድ ማታ፣ ሳልጠይቀው፣ ኮላ እየቀባ፣
«ዑቅባይን በጥፍር ልክ እንዴት አድርጌ ላግባ?
በሞተሩ ጩኸት ላይ የሚሰማ ሳቅ ነበረው፤
ሳቅ አንድ ለመቶ ሲሆን፣ ስንት ነው የሚቀረው?»
ማን እንደሆነ፣ ከጦርነቱ ወዲህ የት እንዳለ፣ አልጠየቅኩም።
መላጊያዬን አነሣሁ፤
የምልገው ግን አልነበረኝም።

ሁለት ክረምት ፈጀ። ኋላዋን ሦስት ጊዜ አፈረሰ፤
መሰላል ሠራ፣ ነቀለ፤ መስኮት ሠራ፣ ደግሞ ደመሰሰ።
በመጨረሻ የእጥፋቱን ያህል፣ የማያውቀውን ያህል፣
እንጨቱን ሳይቀባ ተወው። «ከውሸት ባዶው ይሻላል።»

እሑድ ጠዋት፣ በባጃጅ፣ ሐይቁ ዳር ይዘናት ወረድን፤
አባ ኮዳዎች ቆመዋል፣ እንደ ጡረታ የወጡ ዳኞች ሊታዘቡን።
ዓሣ የሚበልቱ ልጆች ቢላቸውን ይዘው ከበቡት፤
«ስንት ፈረስ ጉልበት አላት? ስንት ሰው ትጭናለች?» አሉት።
ሱሪውን ጠቀለለ፣ እስከ ጉልበቱ ገባ፣
ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ሁለት እጁን ከሥሯ አስገባ፤
ለቀቃት።
ቆመች። ትንሽ አሰበች።
ወደ ግራ አዘነበለች።

እኔ አፈርኩ፤ ዋንዛው የኔ ነው፣ ምናልባት እርጥብ ነበር፤
እሱ ግን ሳቀ፣ ሳቀ፣ አባ ኮዳዎቹ እስኪነሡ ከዳር።
«እውነተኛዋም» አለኝ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ሲያበቃ፣
«ወደ ግራ ነበር የምትተኛው፤ እንዴት ረሳሁት በቃ!
ዑቅባይ በመፍቻ ጎኗን ይመታ ነበር፣ ‹ተነሺ› እያለ፣ እንድትነቃ።»

ስንመለስ ጭኑ ላይ አቀፋት፤ ውኃዋ በሱሪው ወረደ።
ጣቱን ነክሮ ቀመሰ።
«ጨው የለውም» አለ፣ ለራሱ።
ሹፌሩ በመስታወት አየው፦
«ጨውማ፣ ፋዘር፣ ተወደደ።»